የአንድን ቀራጺ ሕይወትና ሥራ አጥንቶ ለክፍል ጓደኞች ማቅረብ

ስለ አንድ ቀራጺ አጥንተው በክፍል ውስጥ እንዲያቀርቡ የታዘዙ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከትውልድ ዘመኑ ይነሡና ትምህርቱን፣ ሽልማቶቹንና የሞተበትን ዓመት በቅደም ተከተል ያነባሉ። እንዲህ ያለው ገለጻ ስሕተት ባይኖርበትም፣ አድማጩ ስለ ቅርጻ ቅርጽ ምንም ሳይማር ይበተናል። ጥናቱ ከአንድ ሥራ ቢጀምር ይሻላል፤ የሕይወት ታሪኩም የሚያስፈልገው ያ ሥራ ለምን ያን መልክ እንደ ያዘ እስከሚያስረዳ ድረስ ነው።

ሲመርጡ ከየአቅጣጫው የተነሡ ፎቶግራፎች የሚገኙለትን ሥራ ይምረጡ። ፊት ለፊቱ ብቻ የሚታይ ፎቶግራፍ ለሥዕል ይበቃል፤ ለቅርጻ ቅርጽ ግን አይበቃም። ሥራውን በአካል ለማየት ዕድል ካለ ከሁሉም ይቀድማል። እዚህ ላይ ለምሳሌ የምንወስደው ፈረንሳዊው ኦጉስት ሮዳን (እ.ኤ.አ. 1840–1917) የሠራውን «የካሌ ዜጎች» የተባለውን የነሐስ ሐውልት ነው።

ስለ ሥራው የተጻፈውን ከማንበብዎ በፊት ሥራውን ራሱን ረጋ ብለው ይመልከቱና ያዩትን ብቻ በማስታወሻ ያስፍሩ። በዚህ ሐውልት ላይ ስድስት ሰዎች ይታያሉ። አንገታቸው ላይ ገመድ አለ፤ አንዱ ትልቅ ቁልፍ ይዟል፤ ሌላው ራሱን በሁለት እጆቹ ይዞ አጎንብሷል። እጆቻቸውና እግሮቻቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲነጻጸሩ ገዘፍ ያሉ ናቸው፤ ተጠጋግተው ቢቆሙም እርስ በርሳቸው አይተያዩም ለማለት ይቻላል። ከዚህ ማስታወሻ የሚወለዱት ጥያቄዎች፣ ማለትም ገመዱ ለምን እንደ ታሰረ፣ ቁልፉ የምን እንደ ሆነ፣ መሪ የሚመስል ሰው ለምን እንደ ጠፋ፣ ለንባብዎ አቅጣጫ ይሰጡታል።

ንባቡም መልስ አለው። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ የፈረንሳይን የካሌ ከተማ ለረጅም ጊዜ ከብቦ በ1347 እጅ ባሰጣት ጊዜ፣ ሕዝቡ እንዲድን ስድስት ታላላቅ ሰዎች አንገታቸው ላይ ገመድ አስረው፣ የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ሊሞቱ ወጡ፤ በኋላም በንግሥቲቱ ልመና ሕይወታቸው ተረፈ። ከተማዋ ሐውልቱን በ1884 ስታዝዝ የምትጠብቀው ጀግንነትን የሚያወድስ ሥራ ነበር፤ ሮዳን ግን ሞታቸውን እያሰቡ የሚራመዱ፣ የደከሙና የተጨነቁ ሰዎችን ሠራ። ከመንገደኛው ጋር በአንድ ደረጃ እንዲቆሙም አስቦ ነበር። ሐውልቱ በ1895 ሲመረቅ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ተተከለ፤ ዝቅ የተደረገው በ1924፣ ቀራጺው ከሞተ በኋላ ነው። በእኔ እምነት የአንድ ሰዓት ገለጻ እንኳ ቢሰጥዎት፣ ስለ ከፍታው የተነሣው ይህ አለመግባባት ብቻውን ሊሞላው ይችላል።

ዓመተ ምሕረቶችን ሲመዘግቡ ይጠንቀቁ። ለዚህ ሐውልት አንዱ ምንጭ 1884፣ ሌላው 1889፣ ሦስተኛው 1895 ሊል ይችላል፤ የመጀመሪያው የታዘዘበት፣ ሁለተኛው ተሠርቶ ያለቀበት፣ ሦስተኛው የተመረቀበት ስለሆነ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። የሚገኝበት ቦታም እንዲሁ ያደናግራል። ሮዳን በእጁ የሚያበጀው በሸክላ ጭቃ ነበር፤ ከጭቃው የጀሶ ቅጂ ይወጣል፤ ከጀሶው በሚዘጋጅ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎች የቀለጠ ነሐስ ያፈሱበታል። ከአንድ ጀሶ ብዙ ነሐስ ስለሚወጣ ይኸው ሐውልት በካሌም በለንደንም ይገኛል። ጥርጣሬ ሲያጋጥም ሥራውን የያዘው ሙዚየም ያወጣውን መረጃ ያስቀድሙ፤ ለሮዳን በ1919 የተከፈተው የፓሪሱ ሮዳን ሙዚየም አለ።

ከሕይወት ታሪኩ የሚወስዱት፣ በሥራው ላይ አሻራ የተወውን ነው። በ1877 «የነሐስ ዘመን» የተሰኘውን የወጣት ቅርጽ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በሕይወት ካለ ሰው አካል ላይ በቀጥታ ቅርጽ አውጥቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ይህ ክስ እንዳይደገም ቀጥሎ የሠራውን መጥምቁ ዮሐንስን ከሰው ቁመት አስበልጦ አበጀው። የሮዳን ተማሪና ረዳት የነበረችውን ካሚል ክሎዴልን ካነሡ ደግሞ ከእሱ ጋር የነበራትን የፍቅር ታሪክ ብቻ ሳይሆን ራሷ ታላቅ ቀራጺ እንደ ነበረች ይናገሩ፤ ይህን መዝለል በደል ነው።

በገለጻው ቀን ትልቁ ችግር የሥራውን መጠን ማሳየት ነው፤ በስክሪን ላይ ጣት የሚያህል ቅርጽም የአደባባይ ሐውልትም እኩል ይመስላሉ። ስለዚህ የሐውልቱን ቁመት፣ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን፣ በግድግዳው ላይ በወረቀት ምልክት ያድርጉ። ከዚያም ስድስት የክፍል ጓደኞች እንደ ሐውልቱ እንዲቆሙ ይጠይቁና ሌሎቹ ዙሪያቸውን ይዙሩ። በየትኛውም በኩል ቢቆሙ ጀርባውን የሰጠ ሰው ስለሚያጋጥማቸው፣ ሐውልቱ አንድ ፊት እንደሌለው ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ጽሑፍዎን አያንብቡ፤ ዋና ነጥቦችን በትንሽ ካርድ ላይ ይዘው ፎቶግራፉን እያመለከቱ ይናገሩ። በአንድ ስላይድ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ የጀርባና የጎን ፎቶግራፎችን ግን መጨረሻ ላይ አዘጋጅተው ያስቀምጡ፣ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ መልስ የሚያገኙት እነሱን በማሳየት ነውና።