ነጩ ጥለት፣ የቆመው ተራና ሌሎችም፦ የብራና ሥዕል ዘይቤ ባለው የስትራቴጂ ጨዋታ ላይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጸሐፍት በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከቀንድ አውጣ ጋር የሚፋለም ፈረሰኛና አዳኙን አስሮ የሚነዳ ጥንቸል ይሥሉ ነበር። እነዚህን ምስሎች ወደ ተራ በተራ ውጊያ መለወጥ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ኢንኩሊናቲ የተባለ ጨዋታ ተጫውቶ «እኔም እንዲህ ያለ ልሥራ» ብሎ የተነሳ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ከዚህ በታች ባሉት ነገሮች ነው። ምሳሌዎቹ ጎዶትና ዩኒቲ ከተባሉት የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራሞች (ኢንጂኖች) ናቸው። ፋይሉን እንደገና ማስገባትና የስህተት መልእክቱን ማንበብ አስቀድሞ እንደተደረገ ይቆጠራል።

ምልክት፦ በምስሉ ዙሪያ ነጭ ጥለት ይታያል

ጥንቸሉ በሥዕል ፕሮግራሙ ውስጥ ንጹሕ ነው። ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ነጠላ ጥለት ዙሪያውን የሚከተል ቀጭን ነጭ መስመር ያወጣል። ባዶ ብራና ላይ ሲቆም ብዙም አያስታውቅም። በሰማያዊ በተሞላ ትልቅ መነሻ ፊደል ፊት ሲያልፍ ወይም ካሜራው ሲርቅ ግን ዓይን ይወጋል። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ በተሳሳተ መንገድ የሚጠገነውም ይኸው።

የተሳሳተው ጥገና ምርጫውን በ1 ወይም በ2 ፒክስል አጥብቦ ዳሩን መላጨት ነው። አታድርጉት። የዚህ ዘይቤ ነፍስ የመጻፊያ ቀለሙ መስመር ነው። 2 ፒክስል ውፍረት ያለው የጥንቸል ጢም ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ፒክስል ሲላጭ ጨርሶ ይጠፋል። 3 ፒክስል የነበረው የጆሮ መስመር ደግሞ ሳስቶ ከሌላው አካል ጋር አይመጣጠንም። ይህ ሁሉ ተከፍሎም ጥለቱ ላይለቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከዳሩ ውጪ በማይታዩት ፒክስሎች ላይ ነው። አዲሱ ዳርም ከእነዚያው ጋር ይጎራበታል።

መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ። ምስሉን በሥዕል ፕሮግራሙ ውስጥ ወጥ የሆነ ጥቁር ቀይ መደብ ላይ አስቀምጡና ወደ 400 በመቶ አጉሉት። ጥለቱ እዚያም ካለ አቆራረጡ ነው። እዚያ ከሌለና ጨዋታው ውስጥ ብቻ ከታየ የማይታዩት ፒክስሎች ናቸው። ካሜራው ሲርቅ ብቻ ብቅ ካለ ወደ አትላሱ (ብዙ ምስሎች አብረው ወደሚታሸጉበት ገጽ) ሂዱ።

አቆራረጥ። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ተሥሎ ስካን ሲደረግ በመስመሩ ዳር ያሉት ፒክስሎች ግማሽ ቀለም ግማሽ ወረቀት ናቸው። በአስማት ዘንግ መምረጫ ስትቆርጡ እነዚያ ፒክስሎች የወረቀቱን ንጣት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን መቁረጥ ሳይሆን ከቀለሙ ማጣራት ነው የሚያስፈልገው። ስካኑን ወደ ግራጫ ለውጡ፤ በሌቭልስ (የብርሃንና የጥላ ማስተካከያው) ወረቀቱን ፍጹም ነጭ እስኪሆን ግፉት (ይህን የዘለለ ሰው ከምስሉ ኋላ ስስ የቆሻሻ መጋረጃ ይቀርለታል)፤ ከዚያ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጋችሁ እንደ ማስክ (የትኛው ቦታ እንደሚታይና እንደሚደበቅ የሚወስን ሽፋን) ተጠቀሙበት። ማስኩ የተደረገበትን ንብርብር ሙሉውን በአንድ ወጥ ቡናማ ጥቁር ሙሉት፤ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 25፣ ሰማያዊ 15 ጥሩ መነሻ ነው። ድፍን ጥቁር አትጠቀሙ፤ የዚያ ዘመን የብረት ቀለም ሲያረጅ ወደ ቡናማ ስለሚሄድ ድፍን ጥቁር መስመር ብራና ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍ ይመስላል።

ጊምፕና ክሪታ በተባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች ያለው «ከለር ቱ አልፋ» ማጣሪያ ይህንኑ ሥራ ባጭሩ ይሠራል፤ ግን ለመስመር ብቻ። ቀለም በተቀባ ምስል ላይ ሲያስኬዱት ከነጭ ጋር የተቀላቀለ ቀለም ሁሉ ከፊል ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ውጤቱ ፊቱ ውስጥ የብራናው እድፍ የሚታይ ጳጳስ ነው። ባዶ ብራና ላይ አይታወቅም፤ ጳጳሱ ከአህያው ፊት ሲቆም የአህያው ጆሮ በጉንጩ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ መስመሩና ቅቡ ሁልጊዜ በተለያየ ንብርብር ይሁኑ። ቅቡ ከመስመሩ ሥር ገብቶ በመስመሩ ውፍረት መካከል ያብቃ፤ የውጭውን ዳር ፈጽሞ አይንካ።

የማይታዩ ፒክስሎች። በፒኤንጂ ፋይል ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማይታይ ፒክስልም ቀለም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ጥቁር። ጨዋታው ምስሉን ሲያሳንስ ወይም በግማሽ ፒክስል ሲያንቀሳቅስ ጎረቤት ፒክስሎችን ያማክላል፤ ያን የተደበቀ ቀለምም አብሮ ያስገባል። በቁጥር እንየው። መስመሩ 40፣ የማይታየው ጎረቤት 255 ነጭ ይሁን። መካከላቸው ላይ ቀለሙ 147 ገደማ፣ አልፋው (የመታየት መጠኑ) ግማሽ ይሆናል። መደቡ 60 የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ውጤቱ 104 ይመጣል፤ መሆን የነበረበት 50 ነው። ከመስመሩም ከመደቡም የሚበልጥ ብርሃን ማለት ነው፤ ጥለቱ ይኸው። መደቡ 225 የሆነ ብራና ሲሆን በ132 ፈንታ 186 ይመጣል። ይህ ስህተት ቢሆንም በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለ ቁጥር ስለሆነ መስመሩ የሳሳ ብቻ ይመስላል። ብራና ላይ ብቻ እየሞከሩ «ተስተካክሏል» የሚሉ ሰዎች ጥለቱን የማያዩት ለዚህ ነው።

መፍትሄው የምስሉን ዳር ቀለም ወደ ማይታዩት ፒክስሎች ማዝለቅ ነው። በጎዶት በማስገቢያ ቅንብሩ «ፊክስ አልፋ ቦርደር» ምልክት ይደረግበት፤ በዩኒቲ ደግሞ «አልፋ ኢዝ ትራንስፓረንሲ»።

ሁለተኛው መንገድ ፕሪመልቲፕላይድ አልፋ፣ ማለትም ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው ማባዛት ነው። ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ግን ሁለቱም ጫፍ መስማማት አለበት። ቴክስቸሩ (ወደ ጨዋታው የገባው ምስል) ተባዝቶ ገብቶ የማዋሃጃ ስልቱ የተለመደው ከሆነ አልፋው ሁለት ጊዜ ይባዛና ጥቁር ጥለት ይመጣል። ቴክስቸሩ ሳይባዛ ስልቱ ብቻ ከተቀየረ ዳሩ ይበራል። በጎዶት «ፕሪመልት አልፋ» የሚለውን በማስገቢያውም በካንቫስ አይተም ማቴሪያሉም ላይ ምረጡ፤ አንዱን ብቻ መምረጥ ችግሩን በሌላ ቀለም መልሶ ማምጣት ነው። ነጩ ጥለት ጠፍቶ ጥቁር ከመጣ «ኢንጂኑ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች እዩ።

አትላስ። ብዙ ምስሎች አንድ ገጽ ላይ ሲታሸጉ በመካከላቸው የሚተወው 2 ፒክስል ሚፕማፕ (ለሩቅ እይታ በግማሽ እያነሰ የሚዘጋጅ የምስል ቅጂ) ሲበራ አይበቃም። ቴክስቸሩ ሦስት ጊዜ በግማሽ ሲያንስ አንዱ ፒክስል የመጀመሪያውን 8 ፒክስል በጎን ይሸፍናል። ስለዚህ ካሜራው እስከዚያ የሚርቅ ከሆነ ክፍተቱ ቢያንስ 8 ይሁን። የቀንድ አውጣው ጎን ላይ ምንነቱ የማይታወቅ ቀይ ነጥብ ካያችሁ፣ በአትላሱ ላይ ከጎኑ ያለው ምስል የለበሰው ቀሚስ ቀለም ነው።

መጭመቅ። 4 በ4 ብሎክ የሚጠቀሙ ስልቶች ቀጭን መስመርን ይበላሉ። በተለይ ዲኤክስቲ1 አልፋውን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ዳሩን መሰላል ያስመስለዋል። ቢሲ7 ተጠቀሙ፤ ማህደረ ትውስታው ከፈቀደ ጨርሶ አትጨምቁ።

ጥገናውን ለማረጋገጥ አንድ የሙከራ ትዕይንት ሥሩ፦ ብራና፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር መደቦች፤ ካሜራ በ100፣ በ50ና በ25 በመቶ። በዚህ ያላለፈ ምስል ወደ ጨዋታው አይግባ።

ምልክት፦ የባላጋራው ተራ ያልቃል፣ የእናንተ አይጀምርም

ስክሪኑ አልደረቀም፣ ሙዚቃው ይጫወታል፣ ግን ማንም አይንቀሳቀስም። የሚከሰተው አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተዋጊ ከገጹ ተገፍቶ ሲወድቅ ነው። ምክንያቱ የተራው ሂደት አኒሜሽን እስኪያልቅ መጠበቁ ነው። የሚጠበቀው ተዋጊ በመሃል ከሞተና ከትዕይንቱ ከተወገደ «አለቀ» የሚለው ምልክት ከቶ አይመጣም። በጎዶት ሌላም ወጥመድ አለ፦ የሚደጋገም አኒሜሽን «አኒሜሽን ፊኒሽድ» የሚለውን ምልክት አይልክም። ሠዓሊው የመምታቱን አኒሜሽን በስህተት ሉፕ ላይ ከተወው ጨዋታው ለዘላለም ይጠብቃል።

የጊዜ ገደብ ለጥፎ ማለፍ ፕላስተር እንጂ ሕክምና አይደለም። ትክክለኛው ነገር ሕጉንና ትዕይንቱን መለየት ነው። ድርጊቱ በተመረጠበት ቅጽበት ጉዳቱ፣ ግፊያውና ሞቱ በዳታው ላይ ይፈጸሙ፤ የሆነው ሁሉ በቅደም ተከተል ወደ ክስተት ወረፋ ይግባ፤ አኒሜሽኑ ወረፋውን እያነበበ ያሳይ። የሞተው ተዋጊ ምስል የሚወገደው ወረፋው ሲያልቅ ነው። ይህ ከተደረገ «አኒሜሽኑን ዝለል» የሚለው ቁልፍም በነጻ ይገኛል።

ምልክት፦ ተሰልፈው የተገፉ ተዋጊዎች ይጠፋሉ

ሦስት አህዮች ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይገፉ። ኮዱ ከግራ ከጀመረ የመጀመሪያው አህያ የሁለተኛውን ቦታ ይይዝና ይሰርዘዋል። ቀጥሎ ያው የመጀመሪያው አህያ ከሁለተኛው ቦታ እንደገና ይነሳና ሦስተኛውን ይሰርዛል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይደግማል። መጨረሻ ላይ ሦስት ቦታ የዘለለ አንድ አህያ ብቻ ይቀራል። መፍትሄው ከግፊያው አቅጣጫ ፊተኛ ከሆነው መጀመር ነው፦ ወደ ቀኝ ከሆነ ከቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ከግራ። ፊተኛው ከገጹ ጠርዝ ያለፈ እንደሆነ መጀመሪያ ይወገድ። ሲሞት የሚፈነዳ ተዋጊ ካላችሁ ፍንዳታውን ሁሉም ከተንቀሳቀሱ በኋላ አስኬዱት፤ አለዚያ እየተንቀሳቀሰ ያለውን ሰልፍ መሃል ላይ ይበትነዋል።

ምልክት፦ ክንድ ሲነሳ ትከሻው ይሰበራል

ምስሉ እንደ አሻንጉሊት ተቆራርጦ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያው ላይ የመስመር መስቀለኛ ወይም ክፍተት ይታያል። የክንዱን ጫፍ የማዞሪያ ነጥቡን መሃል ባደረገ ክብ ጨርሱት፤ የክቡን ቅብ ሙሉ ተዉት፣ መስመሩን ግን ከትከሻው ጋር በሚደራረበው ወገን ክፍት አድርጉት። ማዞሪያ ነጥቡ ከክቡ መሃል 2 ፒክስል እንኳ ቢወጣ ክንዱ ሲነሳ ይፈናቀላል። አካልን መለጠጥና ማጨማደድ አይመከርም፤ መስመሩ አብሮ ስለሚወፍርና ስለሚቀጥን ብዕሩ የተለወጠ ይመስላል። በአኒሜሽን ቁልፎቹ መካከል ማለስለስ አጥፉ፤ ቆረጥ ቆረጥ ያለ እንቅስቃሴ ለኅዳግ ሥዕል ይስማማዋል።

ምልክት፦ የብራናው ሸካራነት በምስሎቹ ላይ ይንሸራተታል

ሼደሩ (የምስሉን ቀለም በስክሪኑ ላይ የሚያሰላው ትንሽ ፕሮግራም) የብራናውን ቴክስቸር በስክሪን መጋጠሚያ እያነበበ ነው። በዓለም መጋጠሚያ፣ ማለትም በገጹ ላይ ባለው ቦታ ያንብብ። ያኔ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ቃጫው ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ምልክት፦ የማን ተዋጊ የማን እንደሆነ አይለይም

ቀይና ሰማያዊ። የዚያ ዘመን ጸሐፍት መነሻ ፊደሎችን በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ያፈራርቁ ስለነበር ዘይቤውን አይሰብርም። ቀይና አረንጓዴ አትምረጡ፤ የቀለም መለየት ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚቸገሩት በእነዚህ ነው። ምስሉን በመገልበጥ ብቻ ወገን መለየትም አይበቃም፤ በዚያ ላይ ሲገለበጥ ሰይፉ ወደ ግራ እጅ ይሄዳል፣ ጋሻው ላይ የተጻፈውም ፊደል አብሮ ይገለበጣል።

አጫጭሮቹ

«ለ2 ተራ» የተባለው መርዝ በአንድ ተራ ያልቃል፦ ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ተራ መጨረሻ እየቀነሰ ነው። በባለቤቱ ተራ መጨረሻ ብቻ ይቀንስ።

ጨዋታ አስቀምጦ ሲከፍቱ ዕጣው ከመጀመሪያው ይደገማል፦ የተቀመጠው የዕጣ ማመንጫው መነሻ ቁጥር ብቻ ነው። ያለበት ሁኔታም ይቀመጥ፤ በጎዶት ራሱን የቻለ «ስቴት» የሚባል መስክ አለው።

ወርቁ ሰናፍጭ ይመስላል፦ ወጥ ቢጫ ወርቅ አይሆንም። ነጸብራቁ ከካሜራው ጋር ይንቀሳቀስ።

ሁለቱም ወገኖች ቆመው ይተያያሉ፦ የባላጋራው ውሳኔ ነጥብ የሚሰጠው ለደኅንነት ብቻ ነው። ለመቅረብም ነጥብ ስጡ፤ ካልበቃ ከተወሰነ ተራ በኋላ የገጹን ዳሮች አቃጥሉ።

ጎቲክ ጽሑፉ አይነበብም፦ በዚህ አጻጻፍ አይ፣ ኤም፣ ኤንና ዩ ከአንድ ዓይነት አጭር ቋሚ ጭረት ስለሚሠሩ ሲደረደሩ አጥር ይሆናሉ። ለርዕስ ብቻ ተጠቀሙበት።

የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ይሆናል፦ ፎንቱ ፊደላችን የለውም፣ ወይም የፎንቱ አትላስ ሲዘጋጅ የላቲን ፊደል ብቻ ተመርጧል። የግዕዝ ፊደላትን የያዘ ፎንት በተጠባባቂነት ጨምሩና በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ክልል በሙሉ አስገቡ። 384 ቦታ ስለሆነ 512 በ512 አትላስ ፊደሎቹን በጣም ያሳንሳቸዋል፤ 2048 በ2048 አድርጉት። ዲዛይኑ ርዕስን በትልቅ የላቲን ፊደል የሚለይ ከሆነም በእኛ ፊደል ያ ልዩነት ይጠፋል፤ የቅዱሳን ስም በብራናዎቻችን እንደሚጻፈው በቀይ ለዩት።