ቪዛው ከተመታ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ የአንድ ሰው ቪዛ መመታቱን መንደሩ የሚሰማው ሰውየው ገና ከአዲስ አበባ ሳይመለስ ነው። ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ጠላው ተጠምቋል። ዘመድ ከቢቸናም ከፍኖተ ሰላምም መምጣት ጀምሯል። ደስ ይላል፤ ዓመታት የተጠበቀ ነገር ነው። በዚያ ግርግር መሀል ግን ፓስፖርቱን ገልጦ የሚያነብ ሰው ይጠፋል። በዘመድም በጉርብትናም በቤተሰብ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሄዱ ብዙ ሰዎችን ሸኝቻለሁ። ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ስድስት ወር አለኝ» ብሎ መዘናጋት

የኢሚግራንት ቪዛ፣ ማለትም ለመኖር የሚሰጠው ቪዛ፣ ብዙውን ጊዜ ቢበዛ ለስድስት ወር ነው የሚሰጠው። «ቢበዛ» የምትለዋን ያዙልኝ። ቀኑ ከሜዲካሉ (ለቪዛው ከሚደረገው የጤና ምርመራ) ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ምርመራውን ቀደም ብሎ የጨረሰ ሰው ከዚያ ያነሰ ሊደርሰው ይችላል። አንድ ጎረቤቴ «ፋሲካን ከእናቴ ጋር ውዬ እሄዳለሁ» ብሎ ተዝናንቶ ነበር። ቪዛው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስንመልሰው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ያልቃል። ቲኬት ፍለጋ ተሯሯጥን። በዚያ ቀን ከቦሌ መነሣት አይበቃም፤ አሜሪካ መግባት ነው የሚቆጠረው።

ስምና የልደት ቀን ሳያዩ ማስቀመጥ

ፓስፖርቱ እጃችሁ እንደገባ የሁሉንም የቤተሰብ አባል ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። የልደት ቀኑ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታህሳስ የመጨረሻ ሳምንት ግድም ሰባት ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ታህሳስ 21 ቀን 1996 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የ2003 ነው፤ በማግስቱ የተወለደው የ2004 ይሆናል። ስህተት ካለ ሳትሄዱ ለኤምባሲው አሳውቁ። ግሪን ካርዱ ላይ ከታተመ በኋላ ማስተካከል ሌላ የወራት ጣጣ ነው።

«ሄዶ እንዳይቀር እናጋባው»

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጁ ሊሄድ ነው፣ የታጨችለት ልጅ አለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በሁለት ሳምንት ሠርግ ይደገሳል። ወላጆች በቅንነት ነው የሚያደርጉት። ግን ቪዛው የተሰጠው ያላገባ ልጅ ነው ተብሎ ከሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ማግባት ቪዛውን ያበላሸዋል። ያመለከተለት ወላጅ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ማመልከቻው ራሱ ይወድቃል። ወላጁ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ልጁ ወደ ባለትዳሮች ወረፋ ይዞራል፤ እዚያ የሚጠበቀው በዓመታት ነው። ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር ተደርቦ ቪዛ ያገኘ ልጅም ካገባ መብቱን ያጣል።

«ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም፣ የአገር ቤት ሠርግ ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አያዋጣም። የኢትዮጵያ ሕግ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻንም ጋብቻ ብሎ ያውቃል፤ ስለዚህ አሜሪካም እንደ ጋብቻ ነው የሚያየው። ደብቆ መግባት ደግሞ ዜግነት ሲጠየቅ ከዓመታት በኋላ ይወጣል። ያለው አማራጭ ቀላል ነው፤ ሳያገቡ ገብቶ፣ ግሪን ካርድ ይዞ ተመልሶ አግብቶ ለሚስት ማመልከት። አባቶችን ማሳመን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የአጎቴን ልጅ ጉዳይ ለመግታት ሦስት ቀን ፈጅቶብናል፤ በጉ ሁሉ ተገዝቶ ነበር።

በትዳር ቪዛ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ በምትገቡበት ቀን ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ፣ ሳያልቅ፣ ሌላ ማመልከቻ ይገባል። ሁለት ዓመት ሊሞላችሁ ቀናት ብቻ ከቀሩና ቪዛው የሚፈቅድ ከሆነ በረራውን ትንሽ መግፋት ያንን ድካም ያስቀራል።

ፖስታውን መክፈት

ከቪዛው ጋር የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ አትክፈቱት። «ኮፒ ላነሣ ብዬ ነው» ያለችኝ አክስቴ አለች፤ ደግነቱ ጫፉን ሳትጨርስ ደረስንባት። የሚከፍተው የኢሚግሬሽን መኮንኑ ነው። ሻንጣ ውስጥም አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ፖስታ ያልተሰጣችሁም አትደንግጡ። ብዙ ሰው አሁን ሰነዱ በኮምፒውተር ስለሚላክ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው፤ ይህም ቪዛው ላይ ይጻፋል።

የግሪን ካርዱን ክፍያ መርሳት

ከ2024 ጀምሮ 235 ዶላር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው። ካልተከፈለ ካርዱ አይላክም። የሚከፈለው በኢንተርኔት ስለሆነና እኛ ዘንድ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ዘመድ እንዲከፍል ኤ ነምበር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራችሁን) እና ኬዝ ነምበር (የቪዛ ጉዳያችሁን ቁጥር) ላኩለት። የቪዛውን ፎቶ ግን በፌስቡክና በቴሌግራም አትለጥፉት። «ክፍያውን እኔ ልጨርስልህ» የሚል ደላላ ቢመጣም አትስሙት።

ቤተሰብ ተከፋፍሎ የሚሄድ ከሆነ ዋናው አመልካች ቀድሞ ወይም አብሮ መግባት አለበት። ልጆችን ቀድሞ መላክ አይቻልም።

ሻንጣውን በፍቅር ብቻ መሙላት

እናቶቻችን እዚህ ላይ አይቻሉም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ማር፣ ቋንጣ። ደረቅ ቅመምና የተቆላ ቡና ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቋንጣው ግን ሥጋ ነው፤ ይወሰዳል። ዘርና ትኩስ አትክልትም እንደዚያው። ዋናው ነገር «ምግብ ይዘሃል?» ሲባል አዎ ማለት ነው። ያልተናገረ ይቀጣል፤ የተናገረ ቢበዛ ዕቃው ይቀርበታል። ጫት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፤ ለስጦታም ቢሆን እንዳታስቡት። «ለልጄ አድርስልኝ» ተብሎ የሚሰጥ የተሰፋ ጥቅል ደግሞ ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። አያ እገሌ ይቀየማሉ። ይቀየሙ።

በበረራው ዋዜማ መነሣት

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መሀሉ ላይ ከደጀን ወርዶ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው የዓባይ በረሃ አለ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አይጠፋም። ቢያንስ ሳምንት አስቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ፣ ወይም ከባሕር ዳር በአውሮፕላን። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ኢሚግሬሽኑ የሚያልቀው መጀመሪያ ባረፋችሁበት ከተማ ነው። ሻንጣውንም እዚያ አንሥታችሁ መልሳችሁ ትሰጣላችሁ። ለዚህ አንድ ሰዓት አይበቃም።

ወረቀት ጥሎ መሄድ

ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የልደትና የጋብቻ ዋናው ምስክር ወረቀት። ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ሳለ ያልወጣ ወረቀት ከዴንቨር ሆኖ አይወጣም። መሬት ወይም ቤት ያለው ሰው ውክልናውን በቃል ሳይሆን በሰነዶች ማረጋገጫ ይጨርስ፤ ወንድም ቢሆንም።

እዚያ ስትደርሱም ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትወርውሩት። ቪዛው ላይ የመግቢያ ማህተም ሲመታበት ካርዱ እስኪመጣ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ሥራ ስትጠይቁ የምታሳዩት እሱን ነው። ካርዱ የሚላከው በሰጣችሁት አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት ከቀየራችሁ ቶሎ አሳውቁ፤ የፖስታ ሳጥኑ ላይም ስማችሁን ለጥፉ።