ቅጠል በማይክሮዌቭ ማድረቅ፦ ሳይከስል፣ ሽታውም ሳይጠፋ

ናና፣ ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ ኦሬጋኖ ምናምን በብዛት ሲገኝ ባንዴ ተጠቅሞ መጨረስ አይቻልም፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም ትንሽ ቆይቶ ይጠወልግና ይጠቁራል። ጊዜ ላለው ሰው ጥላ ውስጥ አንጠልጥሎ ማድረቅን የሚያክል የለም፣ ግን ሳምንትም ከዛ በላይም ይፈጃል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ይሻግታል። ማይክሮዌቭ ይሄንኑ ስራ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ችግሩ ብዙ ሰው ሶስት ደቂቃ ይሞላና ወደ ሌላ ስራው ይሄዳል፣ ሲመለስ የሚጠብቀው ወይ ቡናማ ብናኝ ነው ወይ ጭስ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ የማይክሮዌቩ ስራ አብዛኛውን ውሃ ማስወጣት ብቻ ነው፣ የመጨረሻዋን እርጥበት አየር ይጨርሳታል። እዛው ውስጥ ኩርሽም እስኪል ልጠብቅ ያለ ሰው ያቃጥለዋል።

ለምን መሰላችሁ፣ ማይክሮዌቭ የሚያሞቀው በዋናነት ውሃውን ነው። 2.45 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ የውሃ ሞለኪውሎችን ወዲያ ወዲህ ያገላብጣቸዋል፣ በዛው ይሞቃሉ፣ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ውሃው ብዙ ስለሆነ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ውሃው እያለቀ ሲመጣ ግን ጉልበቱን የሚቀበል ነገር ይጠፋል፣ ከፊሉ ተመልሶ ሞገዱን ወደሚያመነጨው ማግኔትሮን ይሄዳል (ለማሽኑ ጥሩ አይደለም)፣ የቀረው ደግሞ አንዷ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ያከስላታል። በዛ ላይ ሙቀቱ እኩል አይዳረስም። ውስጥ በጣም የሚሞቁና ምንም የማይሞቁ ቦታዎች አሉ፣ በጣም በሚሞቁት መሀል ያለው ርቀት ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰሃኑ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው፣ መሀሉ ግን ባለበት ስለሚዞር ቅጠሉን መሀል ላይ ከመከመር ዙሪያውን መበተን ይሻላል።

ፓወሩን ቀንሱ የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። አብዛኛው ተራ ማይክሮዌቭ ላይ 50 ፐርሰንት ማለት ግማሽ ጉልበት ማለት አይደለም፣ ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ይበራል ከዛ ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል። ለሾርባ ምንም አይደለም፣ ለ15 ሰከንድ ለምትገባ ቅጠል ግን አስራ አምስቱንም ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ልትመታ ትችላለች፣ ወይ ጭራሽ ሳይነካት ልትወጣ ትችላለች። ኢንቨርተር የሚባል የጉልበት መቆጣጠሪያ ያለው ማሽን ከሆነ ግን ጉልበቱን እውነትም ይቀንሳል፣ እሱ ካላችሁ 50 ፐርሰንት አድርጉትና ጊዜውን አስረዝሙት። ከሌላችሁ በእጃችሁ መቆጣጠር ይሻላል፣ አጭር ጊዜ፣ እረፍት፣ አጭር ጊዜ፣ እረፍት።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉን እጠቡትና ውሃውን በደንብ አራግፉ፣ ላዩ ላይ ጠብታ ከቀረ ከመድረቅ ይልቅ በእንፋሎት ይቀቀላል። ወፍራሙን አገዳ አውጡት፣ አገዳው ውሃ ይይዛል፣ እሱን ስትጠብቁ ቅጠሉ ያርራል። የጦስኝን ቀጭን ግንድ መተው ይቻላል፣ ከደረቀ በኋላ በጣት ሲሳብ ቅጠሉ ራሱ ይረግፋል። ከዛ ሰሃን ላይ የኪችን ሶፍት አንጥፉ፣ ቅጠሉን ሳይደራረብ አንድ ረድፍ ብቻ አድርጉ፣ ከላይ ሌላ ሶፍት አልብሱት። ሶፍቱ ነጭና ተራ ይሁን፣ ጋዜጣም ሆነ ከተጣለ ወረቀት እንደገና የተሰራ ሶፍት አታስገቡ፣ ውስጡ የብረት ቅንጣት ሊኖር ስለሚችል ብልጭ ብሎ እሳት ይነሳል። ቅጠሉ የታሰረበት ሽቦ ካለም ፍቱት፣ ይሄ የሚረሳ ነገር ነው።

የምታደርቁት በጣም ትንሽ ከሆነ ጥግ ላይ ውሃ የያዘ ኩባያ አስቀምጡ። ውሃው ትርፉን ጉልበት ይቀበልና ማሽኑንም ቅጠሉንም ያድናል፣ ማድረቁ ግን ቀስ ይላል።

ጊዜው እንደ ማሽኑ ይለያያል። ከ800 እስከ 1000 ዋት ለሆነው፣ ሮዝመሪና ጦስኝን ለመሰለ ጠንካራ ቅጠል የመጀመሪያው ዙር ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ ናናን ለመሰለ ለስላሳ ደግሞ 30 ሰከንድ። በሩን ክፈቱት፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ቅጠሉን ገልብጡት፣ ሶፍቱ ከረጠበ ቀይሩት፣ የውስጡ ግድግዳ ካላበው ጥረጉት። አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ። ይቺን እረፍት አትዝለሏት እላችኋለሁ፣ በቅጠሉ ውስጥና በደም ስሩ ያለው ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው፣ ቅጠሉም ይቀዘቅዛል፣ እረፍት የሌለው ዙር ጠርዙን አሳርሮ መሀሉን እርጥብ ይተወዋል። ከዛ 20 ሰከንድ፣ እረፍት፣ 20 ሰከንድ፣ እረፍት፣ መድረቅ ሲጀምር በ10 በ10 ሰከንድ። እረፍቱን ሳንቆጥር በጠቅላላ ከአንድ እስከ ሶስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እናንተም እዛው ቁሙ እንጂ ጥላችሁ አትሂዱ።

መቼ ይቆማል? ጠርዙ ሲነካ ሲፈረፈር፣ የመሀል ደም ስሩ ግን ገና ትንሽ ሲተጣጠፍ። በቃ፣ አውጡት። ትኩስ እያለ ብትነኩት ያልደረቀ ይመስላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ተሸውዶ አንድ ዙር ጨምሮ የሚያሳርረው፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይከራል። ወንፊት ወይ ደረቅ ጨርቅ ላይ በትኑትና ጥቂት ሰዓት ተዉት።

በዓይን ማመን የማይወድ ሰው ሚዛን ይጠቀም። እርጥብ ናና ውስጥ ከመቶው 85 ያህሉ ውሃ ነው፣ በሶብላ 92 ገደማ፣ ሮዝመሪ 68፣ ጦስኝ 65። ለማስቀመጥ የሚመከረው እርጥበቱ ወደ 10 ፐርሰንት ሲወርድ ነው። ስለዚህ 100 ግራም ናና አስገብታችሁ 17 ግራም ገደማ ሲቀር ደርቋል ማለት ነው፣ በሶብላ 9 ግራም ገደማ፣ ጦስኝ ግን 39 አካባቢ ይቀራል። እያንዳንዱን ዙር መመዘን አይጠበቅባችሁም (አንድ ሰሃን ላይ የሚያርፈው ትንሽ ስለሆነ የቤት ሚዛን ልዩነቱን ላያሳይ ይችላል)፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ጠቅላላውን መዝኑ።

ስለ ሽታው ደግሞ። የነናና፣ የነሮዝመሪ፣ የነጦስኝ ዘይት ያለው ቅጠሉ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ወይ ቅጠሉ ሲታሽ ይፈነዱና ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ስትገለብጡት ቀስ አድርጉ፣ ቤቱ በጣም ደስ በሚል ሽታ ከተሞላም ብዙ ደስ አይበላችሁ፣ ጃር ውስጥ መግባት የነበረበት ነው የወጣው። ቀለሙ ላይ ግን ማይክሮዌቭ ጎበዝ ነው፣ ፈጣኑ ሙቀት ቅጠሉን የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ቶሎ ስለሚገድለው ጥላ ውስጥ ከደረቀው የበለጠ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በሶብላና የድንብላል ቅጠል ላይ ግን እኔ ብዙም አልመክርም፣ ቀለሙ ቢያምርም ሽታው የለም፣ እነሱን ከትፎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ይሻላል።

ጭስ ካያችሁ ወይ የማረር ሽታ ከመጣ ወዲያው አጥፉት። እሳት ከተነሳ በሩን እንዳትከፍቱ፣ ማሽኑን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉ፣ አየር ካላገኘ ውስጥ ሆኖ ራሱ ይጠፋል።

ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ያለው ደረቅ ብርጭቆ ጃር ውስጥ ክተቱና እስከ ነገ ጠብቁ። ጃሩ ከውስጥ ላብ ካወጣ ወይ ቅጠሉ ተመልሶ ከለሰለሰ አልደረቀም፣ አውጡትና ሰሃን ላይ በትናችሁ አየር ይምታው፣ ወይ አንድ የ10 ሰከንድ ዙር ጨምሩለት። ሻጋታ ካያችሁ ግን ያን ብቻ ለቅማችሁ አታስቀሩ፣ ሙሉውን ጣሉት። ከብርሃንና ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ስታስቀምጡት ቅጠሉን ሙሉውን ተዉት፣ የሚፈጨው ወይ የሚታሸው ልትጠቀሙበት ስትሉ ነው፣ መጠኑም ሶስት ማንኪያ እርጥብ በሚባልበት ቦታ አንድ ማንኪያ ደረቅ ይበቃል።