ልጅ ይዞ ማስቀደስ፦ ከ«ዝም በል» ወደ «ምስለ መንፈስከ»

ልጁን ይዞ ቅዳሴ የሚቆም ወላጅ ሐሳቡ ሁሉ «እንዳያስቸግርብኝ» ነው። ስለዚህ ከመግቢያው እስከ መውጫው «ዝም በል፣ ቁም፣ አትነካካ» ሲል ይቆያል። ቅዳሴ ግን የዝምታ ጸሎት አይደለም፤ ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የሚያደርሱት ነው። የሕዝቡ ድርሻ ደግሞ አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ሕፃን ቶሎ ይይዘዋል። ልጁን መቼ ምን እንደሚመልስ አስተምሩት፤ ዝምታው በየቦታው ራሱ ይመጣል።

ጅምሩ ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «አሜን» ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ በቅዳሴ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ምልልስ ያዙ፦ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን)፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ»። ከእራት በፊት ባለው ጸሎት፣ ለማስተማር ያህል፣ እናንተ የካህኑን በሉ፤ ልጁ ይመልስ። ትርጉሙንም አብራችሁ ንገሩት፤ «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን» ሲባል «ከመንፈስህ ጋር» ብለን እንደምንመልስ ካወቀ፣ ሰላምታ እንደተሰጠው ሰው ሆኖ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በንግግር በማስተማሩ ነው። ቤት ውስጥ ቶሎ ብሎ «ምስለ መንፈስከ» የሚል ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ቃሉ በዜማ ተስቦ ሲባል አያውቀውም። በአጥቢያችሁ የሚባልበትን ዜማ ሰምታችሁ በዚያው ዜማ አለማምዱት። ድምፃችሁ ባያምርም ችግር የለውም፤ ልጁ የሚይዘው መውጫና መውረጃውን ነው። ቃሉን ሲያጣምመው ደግሞ አትሳቁበት፣ በእንግዳ ፊትም አቁማችሁ «እስቲ በል» አትበሉት። አንዴ የተሳቀበትን ቃል ልጅ ሕዝብ መካከል ደፍሮ አያወጣውም። ይህን ሲለምድ ወደ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» እለፉ።

ሰዓቱን አስቀድማችሁ አጣሩ። በብዙ አጥቢያ የእሑድ ቅዳሴ ገና ሳይነጋ ወይም ሊነጋጋ ሲል ይጀመራል፤ በጾም ወቅት የአዘቦት ቀን ከሆነ ወደ ቀትር ይሄዳል። ለትንሽ ልጅ የእሑዱ ይሻላል። ቅዳሜ ማታ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ካልተኛ፣ ጠዋት የሚያለቅሰው በእንቅልፍ እጦት ነው፤ ቅዳሴውን ጠልቶ አይደለም።

ልጁ የማይቆርብ ከሆነና መቆም ያልለመደ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው መጥቶ መሐል ላይ ከመውጣት ዘግይቶ ገብቶ እስከ መጨረሻው መቆየት ይሻላል። ለምሳሌ ወንጌል ሊነበብ ሲቃረብ ገብታችሁ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ብሎ እስኪያሰናብት ቆዩ። መሐል ላይ መውጣትን የለመደ ልጅ ሲያለቅስ እንደሚወጣ ይማራል፤ ማሰናበቻውን የለመደ ግን መጨረሻ እንዳለው አውቆ ይጠብቃል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሰዓት እየቀደማችሁ ግቡ። የሚቆርብ ልጅ ግን ከመነሻው መገኘት አለበት። ከመቁረቡ በፊት ስላለው ጾምም ለአዋቂው የሚነገረውን 18 ሰዓት በግምት ልጁ ላይ አትጫኑበት፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ እሳቸው ያሏችሁን አድርጉ።

ልብሱ ቀላል ይሁን። የአዋቂ ነጠላ ያደናቅፈዋል፤ ግማሹን ለክታችሁ ደረቱ ላይ አመሳቅሉና ጫፎቹን ከኋላ እሰሩ፣ መርፌ ቁልፍ አታድርጉበት። ጫማው ክር የሌለው፣ ራሱ የሚያወልቀው ይሁን፤ ለጫማው ፌስታል ያዙ፣ ሲወጣ ጫማ ፍለጋ ልጁንም እናንተንም ያስመርራል። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ካልሲ አትርሱ። መጫወቻና ስልክ ቤት ይቅሩ።

አቋቋም ላይ አብዛኛው ወላጅ «ቢያለቅስ ለመውጣት ይመቸኛል» ብሎ በሩ ሥር ይቆማል። እዚያ ግን ልጁ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፣ የማያይ ልጅ ደግሞ ይሰለቻል። ወደፊት ጠጋ ብላችሁ፣ ከመተላለፊያው ዳር፣ መጋረጃውና ዲያቆኑ የሚታዩበት ቦታ ያዙ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ስለሚቆሙ ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን ከቤት ተስማሙ። ቃጭል ሲደወል እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አስም ያለበት ከሆነ የዕጣን ማጠኛው ጽና ከሚያልፍበት ራቅ በሉ። ወንጌል ለመሳለም ሲመጣ ከፍ አድርጋችሁ አቅርቡት።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ጸሎቱን በግድግዳ ላይ በስክሪን የሚያሳዩ አሉ። ለሚያነብ ልጅ ትልቅ እርዳታ ነው። ለማያነበው ግን ዐይኑን ከመቅደሱ ይሰርቅበታል፤ ፊቱን ወደ መጋረጃው መልሱለት።

ከቆረበ በኋላ አፉን በነጠላው ይሸፍን፤ ምግብ ከመቅመሱ በፊት ውኃ ይጠጣ። እንዳይተፋ፣ ማስቲካም እንዳያኝክ ጠብቁት። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ከሆነ ወዲያው ታክሲ ውስጥ አታስገቡት፤ ግቢው ውስጥ አረፍ በሉ። ቢያስመልሰው በንጹሕ ጨርቅ ተቀብላችሁ ለካህን ንገሩ፤ ራሳችሁ አትጣሉት።

አንድ እሑድ፣ እናንተ ሳትጎተጉቱት፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ያቺ ቀጭን ድምፅ ከሕዝቡ ጋር «ምስለ መንፈስከ» ብላ ትነሣለች። ቀኑን ማንም ወላጅ አስቀድሞ አያውቀውም፤ እንባ የሚያመጣውም ይኸው ነው። ያን ጊዜ ዞር ብላችሁ አትዩት፣ አትሳሙት፣ ስልክ አታውጡ፣ «ድገመው» አትበሉት። ልጁ እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ጸሎቱ ትርኢት ይሆንበታል፤ ወይ ያፍርና ያቆማል፣ ወይ ለጭብጨባ ይጮኻል። ቀጣዩን ተሰጥዎ (የሕዝቡን መልስ) እናንተም ከእሱ ጋር በሉ። ማታ ሲተኛ «ዛሬ ድምፅህን ሰማሁት» ማለት ይበቃል።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ወይም ጸበል ጸዲቅ ካለ ሮጣችሁ አትሂዱ። ልጁ እዚያም ሥራ ይኑረው፤ ውኃ በትንሽ ጆግ ይዞ ለእጅ መታጠቢያ ያፍስስ፣ የተቆረሰውን ዳቦ በሰፌድ ይዞ ይዙር። ጆጉን ከግማሽ በታች ሙሉለት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከብዶት ይፈስስና የሽማግሌዎቹን ነጠላ ያረጥባል። መጀመሪያ ለካህናቱ፣ ቀጥሎ ለአረጋውያን እንዲያቀርብ አሳዩትና ከኋላው ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ተከተሉት። የሚመርቁት ስሙን እንዲጠሩ፣ የክርስትና ስሙን አስቀድማችሁ አስጠኑት።