የሻዶው ብሮከርን ጎሬ ሰብሮ መግባት፦ የማስ ኢፌክት 2ን ምርጥ ተጨማሪ ሚሽን እንዴት እንደሚጫወቱት

ባዮዌር የተባለው የጌም ኩባንያ የጠፈር ጀብዱ ጌሙን ማስ ኢፌክት 2ን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ካወጣ በኋላ የተለያዩ ተጨማሪ ሚሽኖችን ለቆለታል። ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የወጣውን «ሌይር ኦፍ ዘ ሻዶው ብሮከር»ን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ግን ተኩስ በተኩስ አድርጎ ይጨርሰውና ግማሹን ሳያየው ያልፋል። እዚህ የምጽፈው ምንም ሳያመልጣችሁ እንድትጨርሱት ነው። ታሪኩን ሳላነሳ ማስረዳት ስለማልችል ገና ያልተጫወታችሁ ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ሻዶው ብሮከር የጋላክሲው ትልቁ የመረጃ ደላላ ነው። ለከፈለው ሁሉ ይሸጣል፤ ፊቱን ያየው ግን የለም። እናንተ የምትጫወቱት ኮማንደር ሼፐርድ በሞተ ጊዜ ብሮከሩ ሬሳውን ኮሌክተሮች ለሚባሉት የጌሙ ጠላቶች ሊሸጥ ሲደራደር ነበር። ከእጁ ያስጣለችው ከመጀመሪያው ጌም የምታውቋት ሊያራ ቲሶኒ ናት። የረዳት ፌሮን የሚባል ድሬል (የሌላ ፕላኔት ዘር) ግን በብሮከሩ እጅ ወድቆ ቀረ። ሊያራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቂም ይዛ ኖራለች። ሚሽኑ የእሷ በቀል ነው።

መጀመሪያ ጌሙ ይኑራችሁ

ድሮ ሚሽኑ ለብቻው ይገዛ ነበር። ዛሬ ቀላሉ መንገድ በሜይ 2021 የወጣው ማስ ኢፌክት ሌጀንደሪ ኤዲሽን ነው። ሦስቱም ጌሞች አንድ ላይ አሉበት፤ ይህም ሚሽን አብሮ ይመጣል። በኮምፒውተር ላይ ወደ 120 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ሆናችሁ በሞባይል ዳታ ለማውረድ የምታስቡ ከሆነ ተዉት፤ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ፈልጉ።

መቼ ልጀምረው?

ሆራይዘን የሚባለውን ዋና ሚሽን ስትጨርሱ ኢሊየም የምትባለው ፕላኔት ትከፈትላችኋለች። ሊያራ ቢሮዋ እዚያው ኖስ አስትራ ከተማ ውስጥ ነው። ግን ወዲያው ሚሽኑን አትጀምሩ። መጀመሪያ ቡድናችሁን ስለሚቀላቀሉት ስለ ሳማራና ስለ ቴን ጠይቋት፤ የት እንዳሉ የምትጠቁማችሁ እሷ ናት። ቀጥላ የምትሰጣችሁን ትንንሽ ሥራዎችም ጨርሱላት። ይህ ሚሽን ካለቀ በኋላ ቢሮዋን ለቃ ስለምትሄድ ተመልሳችሁ አታገኟትም።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ የሪፐር አይኤፍኤፍ የሚባለውን የመርከብ መለያ መሣሪያ ነው። እሱን ካመጣችሁ በኋላ የመርከባችሁ የኖርማንዲ ሠራተኞች በኮሌክተሮች ይታፈናሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ላይ በዘገያችሁ ቁጥር ሰው ይሞታል። ስለዚህ ሚሽኑን ወይ ከዚያ በፊት፣ ወይ ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ ተጫወቱት። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ከመጨረሻው በኋላ ከሆነ የሊያራ ንግግር ትንሽ ይለያል። እኔ በፊት ይሻላል ባይ ነኝ። የምታገኙት ጥቅም የሚሠራላችሁ ገና ብዙ ሚሽን ሲቀራችሁ ነው።

ኢሊየም ላይ

ሼፐርድን ከሞት ያስነሳው ሰርበረስ የሚባል ድርጅት ያገኘውን መረጃ ለሊያራ ስታቀብሏት ፌሮን በሕይወት እንዳለ ታውቃለች። ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ስትከተሏት ቤቱን ፖሊስ ከቦት ታገኛላችሁ። ውስጥ ቴላ ቫዚር የምትባል ስፔክተር (የጋላክሲው ምክር ቤት ልዩ ወኪል) ቆማለች።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የሼፐርድን አሮጌ ጥሩር ቁራጭ እዩት። ከዚያ የፎቶ ፍሬሙን ንኩት፤ ምስሉ ተቀይሮ የፕሮቲያን (የጠፋ ጥንታዊ ዘር) ቁፋሮ ቦታ ያሳያችኋል። ፍንጩ ይኸው ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉትን የፕሮቲያን ቅርሶች አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ሊያራ የደበቀችው ዲስክ እዚያ አለ። ዲስኩ ድራኮን ትሬድ ሴንተር ወደሚባል ሕንፃ ይመራችኋል። በሩ ላይ ስትደርሱ ሕንፃው ይፈነዳል።

ከዚህ በኋላ ውጊያ ነው። ይዛችሁት የምትሄዱትን ሰው በደንብ ምረጡ። ሊያራ ስትቀላቀላችሁ ዋርፕ፣ ሲንጉላሪቲና ስቴሲስ የሚባሉ ኃይሎች አሏት። ስለዚህ ባሪየር የሚባለውን የኃይል ጋሻና ጥሩርን ለመስበር እሷ ትበቃለች። የሚጎድላችሁ የኤሌክትሪክ ጋሻ የሚያጠፋ ሰው ነው። ከጓዶቻችሁ ኦቨርሎድ የሚባለው ኃይል ያላቸውን ጋረስን ወይም ሚራንዳን ውሰዱ። ለእኔ ጋረስ ይሻላል፤ ከሊያራ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፣ ጨዋታቸውም ያስቃል።

ሴቭ አድርጉ። ቫዚር የብሮከሩ ሰው መሆኗ ይታወቅና በመስኮት ዘላ ታመልጣለች። እናንተም በበራሪ መኪና ትከተሏታላችሁ። መንዳቱ ከባድ አይደለም፤ ዋናው ከዓይን አለማጣት ነው። የምትጥላቸውን ፈንጂዎች እየዘለላችሁ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት ጨምሩ። ሊያራ ጎን ሆና የምትጮኸውን ስሙ፤ ጌሙ ውስጥ እንደዚህ ያሳቀኝ ቦታ ጥቂት ነው።

ማሳደዱ አዙር የሚባል ሆቴል ላይ ያበቃል። ቫዚር አንዲት ሴት ትይዝና ታስፈራራችኋለች። ፓራጎን (የደግነት) ወይም ሬኔጌድ (የጭካኔ) ነጥባችሁ ከፍ ካለ በሰማያዊ ወይም በቀይ የተጻፈ ምርጫ ይመጣል፤ ተጠቀሙበት።

ከዚያ ከቫዚር ጋር ትፋለማላችሁ። ለብዙ ሰው ከመጨረሻው ቦስ ይልቅ የምታስቸግረው እሷ ናት። ባዮቲክ (በአእምሮ ኃይል የምትዋጋ) ስለሆነች ከሩቅ ተወርውራ ትመጣና ከከለላችሁ ታወጣችኋለች። አንድ ቦታ ተደብቆ መተኮስ እሷ ላይ አይሠራም። ባሪየሯን በዋርፕ ስበሩ፤ ጥሩሯ ሲገለጥ ዋርፕን ድገሙ ወይም ኢንሲነሬት ካላችሁ አቃጥሏት። አጋዥ ወታደሮች ሲመጡ ቀድማችሁ እነሱን ጨርሱ፤ እሷን እያሳደዳችሁ ከኋላ ከሚመታችሁ ይሻላል። ስትወድቅ የምትናገረውን አትዝለሉት። ከሰርበረስ ጋር እየሠራችሁ እኔን ልትወቅሱ ነው ወይ ትላለች። ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሀጋላዝ፦ ማዕበሉ ውስጥ

የብሮከሩ መርከብ ያለው ሀጋላዝ የምትባል ፕላኔት ላይ ነው። ባሕሩ ቀን ይፈላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው በረዶ ይሆናል። መርከቡ ሁልጊዜ የጀንበር መጥለቂያውን መስመር ተከትሎ ማዕበል ውስጥ ይበርራል፤ ያን ሁሉ ዘመን ሳይገኝ የኖረውም በዚህ ነው።

የምታርፉት ጣሪያው ላይ ነው። እየሄዳችሁ መብረቅ የሚያጠራቅሙ ረጃጅም ኬፓሲተሮች ታያላችሁ። ጠላት አጠገባቸው ሲደርስ እነሱን ተኩሱባቸው። የተጠራቀመው መብረቅ ተለቅቆ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይመታል፤ ጥይትም ትቆጥባላችሁ። እናንተ ግን ጥጋቸው ከለላ አትያዙ።

በሩ ጋ ስትደርሱ ሊያራ መስበሪያውን ትገጥምና መጠበቅ ይሆናል ሥራችሁ። በሩ ቶሎ አይከፈትም። እስከዚያ ድረስ የብሮከሩ ሰዎች በየተራ ይጎርፋሉ። ወደፊት ሄዳችሁ አትዋጉ፤ በሩ ዙሪያ ከለላ ይዛችሁ ጠብቁ። ከባድ መሣሪያችሁን አብዝታችሁ የምትጠቀሙበት ቦታ ይኸው ነው።

ውስጥ ፌሮንን ታስሮ ታገኙታላችሁ። ወዲያው ልታስፈቱት አትችሉም፤ ዋናው ኃይል መጥፋት አለበት፣ እሱ ደግሞ ያለው ብሮከሩ ክፍል ውስጥ ነው።

ብሮከሩ

ብሮከሩ ያግ የሚባል ግዙፍ ፍጡር ነው። ሊያራ ማንነቱን ቁጭ ብላ ስትተነትንለት ስሙ፤ ሚሽኑ ውስጥ ካሉት ንግግሮች ሁሉ ምርጡ ነው። ውጊያው ሲጀመር ጠረጴዛውን ወርውሮ ሦስተኛ ጓዳችሁን ያስተኛዋል። ስለዚህ ያላችሁት እናንተና ሊያራ ብቻ ናችሁ።

ሊያራን ወደ አንዱ ጎን ላኩና እናንተ በሌላው ሂዱ። ወደ አንዳችሁ ሲዞር ሌላው ከጀርባው ይመታዋል። ጉልበቱ ሲቀንስ ተንበርክኮ ጋሻ ያነሳል፤ ያኔ ጥይትም ባዮቲክም አይነካውም። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ጥይቱን ሁሉ ይጨርሳል። መፍትሔው ሮጣችሁ ተጠግታችሁ በእጅ መምታት ነው። ይህ እየተደጋገመ ይሄድና በመጨረሻ ሊያራ ከጣሪያው ያለውን ኃይል ታወርድበታለች። ከዚያ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ የምትቀመጥበት ሊያራ ናት።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ቶሎ አትውጡ። የብሮከሩ ተርሚናሎች ላይ ስለ ጓዶቻችሁ የተሰበሰበ ምስጢር አለ፦ የሚራንዳ የሕክምና መዝገብ፣ የጃክ ግጥም፣ የሊጅን የጌም ውጤቶች። ሁሉንም አንብቡ። የሊጅንን ስታነቡ ትስቃላችሁ፤ የሚራንዳው ግን ጠባይዋን ሌላ አድርጎ ያሳያችኋል። የጓዶቻችሁን ኃይል እንደገና መመደብና ማዕድን ያላቸውን ፕላኔቶች ማወቅም እዚያው ይቻላል። ስቴሲስም ለሼፐርድ ራሱ እንደ ተጨማሪ ኃይል ይከፈትላችኋል። በጋላክሲ ካርታው ወደ ሀጋላዝ መመለስ ስለምትችሉ ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም።

አንድ የቀረ ነገር፦ ሊያራን ኖርማንዲ ላይ እንድትጋበዝ ጥሯት። በመጀመሪያው ጌም ፍቅር ጀምራችሁ ከነበረ የሁለታችሁ ጉዳይ የሚቋጨው በዚያ ንግግር ነው። ከመጥራታችሁ በፊት ሴቭ ማድረግ አትርሱ።