ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት፦ ከዋጋው በፊት የሐረጎን ዳገት አስወጧት

ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ ውጭ። ግቢ ውስጥ የቆመው ባለ ሰባት ወንበር መኪና ግን ነዳጁን እንደ ድሮው ይጠጣል። የሚጭነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰውና አንድ ዘንቢል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። "ይሄን ሸጠን ድምፅ የሌላት፣ ነዳጅ የማትበላ ትንሽ መኪና እንያዝ" የሚለው ወሬም እንደዚያው። ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና፣ ለዚህ ደህና መልስ ነው። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ሃይሉክስ ሲገዛ ጆሮና ዓይን ይበቃል፤ እዚህ ግን ዋናው ነገር ከወንበር ሥር ወይም ከወንበር ጀርባ የተደበቀ ባትሪ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ገበያው ላይ የሚዞሩት ሃይብሪዶች በአብዛኛው ከዚያ በፊት የገቡ ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ እዚህ ሳይደርሱ ውጭ አገር ለዓመታት ተነድተዋል። "አዲስ ናት ማለት ይቻላል" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ።

"ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አንገዛም?" የሚል አይጠፋም። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ለሚመለስ፣ ግቢና አስተማማኝ መብራት ላለው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር ኤሌክትሪኩ ሳይሻል አይቀርም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ግን 400 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ሃይብሪድ ሶኬት አይፈልግም። እየሄደ ራሱን ይሞላል።

የትኛዋን ልፈልግ?

መጀመሪያ፣ ኋላዋ ላይ "ሃይብሪድ" ስለተጻፈ ብቻ አትመኑ። አንዳንድ የሱዙኪ ሞዴሎች ማይልድ ሃይብሪድ የሚባሉት ናቸው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ዋናውን ያግዛል እንጂ መኪናዋን ብቻውን አያንቀሳቅስም። መጥፎ መኪኖች አይደሉም፤ ግን የሙሉ ሃይብሪድ ዋጋ አይከፈልባቸውም።

ከሙሉዎቹ መካከል ቶዮታ ፕሪየስ ቀድማ ትመጣለች። ካምቢዮዋ ለየት ያለ ነው። ፍሪሲዮን የላትም፣ ሞተሪኖ የላትም፣ ዲናሞም የላትም። ጋራዥ የሚያመላልሱ ሦስት ዕቃዎች ገና ከፋብሪካ የሉም ማለት ነው። ዓመቱን በፈረንጅ እንቁጠርና፣ ከ2004 እስከ 2009 ያለችው 1.5 ሊትር ሞተር አላት። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ባትሪዋ ካልተቀየረ ግን አርጅቷል። ከ2010 እስከ 2015 ያለችው 1.8 ሊትር ስትሆን ጉልበትም ጸጥታም ጨምራለች። አንድ የታወቀ በሽታ አለባት፤ እመጣበታለሁ። ከ2016 ወዲህ ያለችው ከሁሉም ትሻላለች። የኋላ እግሯ አሠራር ስለተቀየረ የደሴ ኮብልስቶን ላይ ልዩነቱ ወገብ ላይ ይታወቃል። ዋጋዋም እንደዚያው።

ምቾት የለመደ ሰው ሌክሰስ ሲቲ 200 ኤችን ማየት ይችላል። ሞተሩ የ1.8ቷ ፕሪየስ ነው፤ ወንበሩና የድምፅ መከላከያው የተሻለ ነው። ግን እግሯ ጠጠር ያለ ነው፣ ዕቃዋም ውድ ነው። ያሪስ ሃይብሪድ ደግሞ ፒያሳ ላይ ለማቆም የተሠራች ትመስላለች። ዳገት ላይ ትጮሃለች እንጂ ጥሩ ናት። የሃዩንዳይ አዮኒክ ሃይብሪድም መጥፎ ምርጫ አይደለችም፤ እሷ ግን ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ስላላት በዝግታ ሰልፍ ውስጥ ስትንቀሳቀስ መንገጫገጭ እንዳለባት አስተውሉ።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ትንሽ ሞተር ያላት ሃይብሪድ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለ ዳገት ላይ ስትነሳ የማታሳፍረው ለዚህ ነው።

ሳትሄዱ፣ በስልክ

የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የሚያመነታ ሻጭ ጊዜያችሁን ቆጠበላችሁ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ኤ ከሆነ 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012፣ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት አንዳንዴ መኪናዋ ተጋጭታ ጨረታ ላይ የቆመችበት ፎቶ ይወጣል። ያኔ "አንድም ቦታ ቀለም አልተነካም" የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል።

ሌላው ማይልና ኪሎሜትር ነው። ከአሜሪካ የመጣች መኪና ዳሽቦርዷ ላይ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ማይል ነው። "100 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው" ሲሏችሁ 160 ሺህ ኪሎሜትር ሊሆን ይችላል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ እሱም ሲገዛ አልጠየቀም ይሆናል።

"ዶክተር ነው የያዛት"፣ "ሴት ናት የያዘቻት" የሚሉትን ሰምቶ ማለፍ ነው።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

ቀጠሮውን በጠዋት አድርጉት። ደሴ ብርድ ስለሆነች ደላላው በደግነት "ጋሼ፣ አሙቄ ልጠብቅዎት" ይላል። "አይ፣ እንዳትነካት፣ አብረን እናስነሳታለን" በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ሞቅ ካለ፣ ሌላ ቀን ኑ።

ምክንያቱ ያ ቅድም ያልኩት በሽታ ነው። ከ2010 እስከ 2015 ባለችው ፕሪየስና በሌክሰሷ ላይ የጭሱን የተወሰነ ክፍል ወደ ሞተር የሚመልሰው መስመር፣ ጋራዦች ኢጂአር የሚሉት፣ በጊዜ ብዛት በጥቀርሻ ይደፈናል። ሲደፈን ሙቀት ይበዛል፣ በመጨረሻም የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ይበላል። ውሃ በማታ ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብርክ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች፣ ትንኳኳለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ጸጥ ትላለች። አሙቀው ካቀረቡላችሁ ይህን አታዩም። የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያውንም ተመልከቱ፤ ከምልክቱ በታች ከሆነ "የት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኢጂአሩ ታጥቦ ያውቃል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። "እሱ ምንድነው?" የሚል መልስ ከመጣ፣ አልታጠበም።

ቁልፉን ስታበሩ የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ቼክ ኢንጂኑ ከናካቴው ካልበራ አንድ ሰው አፉን ዘግቶታል። "ሬዲ" የሚለው ምልክት ሲመጣ መኪናዋ ተነስታለች፤ ድምፅ ባይኖርም። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና የኢንቨርተሩን፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚያዘጋጀውን ዕቃ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ ክዳን አንሱ። ፈሳሹ ውስጡ ሲላወስ ማየት አለባችሁ። ፍጹም ከረጋ ፓምፑ አይሠራም። በዚያው ጆሯችሁን ጣሉ፦ ፍሬን ሳትነኩ በየጥቂት ሰከንዱ "ዝዝዝ" የሚል ፓምፕ ከሰማችሁ የፍሬኑ መሣሪያ እየደከመ ነው፣ ጥገናውም ውድ ነው።

ሐረጎ ይመርምራት

የዚህ አካባቢ ገዢ የታደለው እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ከተማ ያለ ሰው የሃይብሪድ ባትሪን ለመፈተን መላ ይፈልጋል፤ እኛ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት አለን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል። 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያን ያህል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እስከ 2015 ያለችው ፕሪየስ ባትሪ ሙሉ አቅሙ ግን 1.3 ብቻ ነው፣ መኪናዋ የምትጠቀመውም ከዚያ ላይ ቆንጥራ ነው። ግማሹ ጉልበት በንፋስና በጎማ ቢባክን እንኳ ባትሪው ቁልቁለቱ ሳያልቅ ይሞላል።

የፕሪየስ ዳሽቦርድ ላይ ያለው የባትሪ መለኪያ ስምንት መስመር አለው። ከደሴ ስትነሱ ስንት እንደሆነ ያዙ። ጤነኛ ባትሪ ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር ይሞላል። የደከመ ባትሪ ሁለት ሦስት መታጠፊያ ሳይሄድ ጢም ይላል፤ አቅም ስለሌለው ነው። ሲሞላ ሞተሩ በድንገት ይጮሃል። አትደንግጡ፣ ነዳጅ ሳያቃጥል መኪናዋን እየያዘላችሁ ነው። ማርሹን "ቢ" ላይ ብታደርጉም ያንኑ ይሠራል፣ ፍሬናችሁንም ከመጋል ያድናል። ክረምት ከሆነና ጉም ከወረደ ግን ፈተናውን ተዉት፤ መኪናዋ ነገም አለች።

ኮምቦልቻ ሻይ ጠጡ። ከዚያ አራት ሰው ጭናችሁ ውጡ። አሁን የምታዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባትሪው ነው፤ ገና መውጣት ስትጀምሩ ከሙሉ ወደ ባዶ ከወደቀ፣ ወርዶም ተመልሶ ጢም ካለ፣ ዋጋውን መቁረጥ ሳይሆን መኪናዋን መተው ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፕሪየስ የሞተር ሙቀት የሚያሳይ መርፌ የላትም። መብራት የሚበራው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ መመርመሪያ ከመሪው ሥር ሰክታችሁ ውጡ። ሞተሩ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ቢውል ደህና ነው። ዳገቱ ላይ ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለም፤ መውጣቱን ካላቆመ ግን ዳር ያዙ።

ዳገት ላይ ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ መጮሁ የተለመደ ነው። ካምቢዮው ማርሽ ስለማይቀይር ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ "ካምቢዮዋ እያንሸራተተች ነው" ቢላችሁ እንዳትሸበሩ።

መስኮቱን ዝጉና ሬዲዮውን አጥፉ። ጸጥታ ፈልጋችሁ አይደል የምትገዙት? ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር "ውውው" ከጎማው ወይም ከጎማው ማዞሪያ ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታ ርካሽ ነው፤ ለዋጋ ድርድር ያገለግላል።

ኮምፒውተሩ የሚለው

ያው መመርመሪያ የባትሪውን ሆድ ያሳያል። እስከ 2015 ያለችው ፕሪየስ ባትሪ በ14 ክፍል ተከፍሎ ይነበባል። መኪናዋ ጉልበት ስታወጣ የክፍሎቹ ቮልቴጅ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ከ1 ቮልት በላይ ከወደቀ እሱ እየሞተ ነው። "ፒ0ኤ80" የሚል የብልሽት ኮድ ካያችሁ መኪናዋ ራሷ ባትሪ ቀይሩልኝ እያለች ነው።

ኮድ አለመኖሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የ12 ቮልቱን ባትሪ ነቅሎ መልሶ መሰካት የቆየውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። መመርመሪያው "ፍተሻዎቹ አልተጠናቀቁም" ካላችሁ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል።

"ባትሪው ተቀይሯል" ከተባለ፣ በምን? አንዳንዱ የሚቀየረው የሞተችው አንዷ ቁራጭ ብቻ ነው። ያረጁት ወንድሞቿ ወር ቆይተው ይከተሏታል።

ወረቀቱ

ይህ ከሌላ መኪና አይለይም። የሊብሬው፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ይመሳከር። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች እንዳልሆነች ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ። ውሉ ሕጋዊ ሳይሆን ከቀብድ በላይ ብር አይውጣ።

ከገዛችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ቀይሩ፣ ኢጂአሩን አሳጥቡ። የባትሪውን ማቀዝቀዣ አየር መግቢያም፣ ፊልትሮ ካላት ፊልትሮውንም አጽዱ። አየሩ የሚገባው እስከ 2015 ባለችው ፕሪየስ ከኋላ ወንበር ጎን፣ በያሪስ ከወንበሩ ሥር ባለ ቀዳዳ ነው። እዚያ ላይ ጋቢ ወይም ዘንቢል አይቀመጥ፤ ባትሪው አየር ያጥረዋል። የ12 ቮልቱም ባትሪ ይፈተሽ፤ እሱ ሲደክም መኪናዋ የሌለባትን በሽታ ሁሉ ታወራለች።

መኪና ለሚያጥቡት ልጆችም አንድ ቃል ንገሩ። ኮፈን ውስጥ ያሉት ብርቱካናማ ገመዶች ከ200 ቮልት በላይ ይሸከማሉ። ከላይ እንደ ልባቸው ይጠቡ፤ ኮፈን ከፍቶ በግፊት ውሃ ማጠብ ግን የለም።