ጀርመናዊው ቅድመ አያት 1750 አካባቢ ሲጠፋባችሁ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እዚህ ዲሲ ዙሪያ ልጆቻቸው በአንድ ወገን ከፔንሲልቫኒያ ወይ ከሜሪላንድ የድሮ ጀርመኖች የሚወለዱ ሐበሾች አሉ፣ የልጆቹን የዘር ሐረግ ልሙላ ብለው ይጀምሩና 1750 አካባቢ ሲደርሱ ይቆምባቸዋል። የሚቆምበት ምክንያት ደግሞ ሁሌ ከነዚህ ከማይወጡ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ሰንሰሱን፣ የመቃብር ድንጋዩን፣ የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ያላየ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ "የመርከብ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የለም"

ብዙ ጊዜ አለ፣ እናንተ በምትጽፉት ስፔሊንግ ነው የሌለው። ከ1727 ጀምሮ ፊላዴልፊያ የሚደርስ ካፒቴን የጫናቸውን ጀርመኖች ስም እንዲያስረክብ፣ ወንዶቹም ለእንግሊዝ ንጉሥ ምለው እንዲፈርሙ ይደረግ ነበር። ስለዚህ ለአንድ መርከብ እስከ ሦስት ዝርዝር ሊገኝ ይችላል፣ አንዱ የካፒቴኑ፣ ሁለቱ የመሐላዎቹ። የካፒቴኑ ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊ በጆሮው የያዘውን ነው። ከራይን ወንዝ ዳር የመጣ ገበሬ ሲናገር ደግሞ በ እና ፐ፣ ደ እና ተ፣ ገ እና ከ ተቀላቅለው ነው የሚሰሙት፣ ስለዚህ አንዱ ቤተሰብ በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁበር ሁቨር ሆነ (የፕሬዚዳንት ሁቨር ወገን እንደዛ ነው)፣ በ1741 የመጣው አይዘንሃወር ፊደሉ ተቀይሮ ፕሬዚዳንቱ ጋ ደረሰ፣ ኮልብ ከልፕ ሆነ፣ ባውማን ቦውማን ሆነ። አንዳንዱ ደግሞ ትርጉሙን ወስዶ ሌላ ሰው መሰለ፣ ሽናይደር ቴይለር፣ ሽዋርትስ ብላክ፣ ክላይን ስሞል ወይ ሊትል፣ ሲመርማን ካርፔንተር። ግን ካርፔንተር ያገኘ ሁሉ ሲመርማን ነው ብሎ አይዝለል፣ እንግሊዛዊ ካርፔንተር ሞልቷል፣ የስም ለውጡ በሰነድ ካልታየ ግምት ነው።

"ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩበት" የሚለውን እባካችሁ ተዉት፣ ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው።

መፍትሄው ሦስቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ስትራስበርገርና ሂንኬ ያዘጋጁት በ1934 የታተመው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ሁለተኛው ቅጹ የፊርማዎቹን ኮፒ እንዳለ ይዟል፣ ዓይናችሁን እሱ ላይ አድርጉ። ዌብሳይት ላይ የተተየበው ኢንዴክስ ከተተየበ ነገር ላይ እንደገና የተተየበ ነው፣ በየደረጃው ስህተት ይጨመርበታል። ሌላ ደግሞ መሐላው ከ16 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ነው፣ ሚስትና ልጆች አብዛኛው ዝርዝር ላይ የሉም፣ ሚስቱ ስለሌለች ብቻውን መጣ ማለት አይደለም። እና የሴቶች የቤተሰብ ስም መጨረሻው ላይ "ኢን" ይጨመርበታል፣ ሙለሪን ማለት የሙለር ቤት ሴት ናት፣ ሙለሪን የሚባል ሌላ ቤተሰብ አትፍጠሩ።

ምልክት፦ "አምስቱም ወንድ ልጆች ስማቸው ጆን ነው"

ዋናው ይሄ ነው። የሚመጡልኝ ትሪዎች (ኮምፒውተር ላይ የተሞሉ የዘር ሐረጎች) አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ጋ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚያናድደኝም የለም ምክንያቱም ጉዳቱ ዝም ብሎ ወደ ሌላው ሰው ትሪ ይተላለፋል።

ሉተራንና ሪፎርምድ (ሁለቱም ፕሮቴስታንት ናቸው) የነበሩት ቤተሰቦች ወንድ ልጅ ሲያስጠምቁ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ይሰጡታል። የፊተኛው ዮሃን ነው፣ ለሁሉም ልጅ። ልጁ የሚጠራው በሁለተኛው ነው። ዮሃን ጌኦርግ ጌኦርግ ነው፣ ዮሃን አዳም አዳም ነው፣ ዮሃን ፔተር ፔተር ነው። ሴቶቹም ላይ እንደዛው ነው፣ አና ባርባራ ባርባራ ናት፣ ማሪያ ማርጋሬታ ማርጋሬታ ናት። ለኛ ሰው ይሄ መክበድ የለበትም፣ ወልደ ሚካኤል ተብሎ የተጠመቀውን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ አበበ ብሎ እንደሚያውቀው ማለት ነው። የጥምቀት መዝገቡ ላይ ዮሃን ጌኦርግ ያላችሁት ሰው የግብር ዝርዝር፣ የመሬት ወረቀትና ኑዛዜ ላይ ጆርጅ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እና እናንተ ጆን ብላችሁ ሰርች ስታደርጉ ጎረቤቱን ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ጉዳቱ። አንድ ሰው አምስት ወንድማማች ይዞ መጣ፣ አምስቱም የፊት ስማቸው ጆን ተብሎ ገብቷል፣ ፕሮግራሙ "ተደጋግሟል፣ ላዋህደው?" ብሎ ጠየቀው፣ አዎ ብሎ ተጫነ። የአምስቱ ሚስቶችና ልጆች አንድ ሰው ላይ ተከመሩ፣ በአንድ ክረምት ላንካስተርም ዮርክም ልጅ የሚያስጠምቅ፣ ሦስት ሚስት ያለው ሰው ተፈጠረ። ያንን ትሪ ሌሎች ኮፒ አደረጉት፣ ከዛ ያው ሰው "በብዙ ሰው የተረጋገጠ" ተብሎ ተመልሶ መጣ። አልተረጋገጠም! አንድ ስህተት ብዙ ጊዜ ተገለበጠ እንጂ። ሌላዋ ደግሞ "ጆን ተደግሟል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሞተዋል" ብላ ሦስቱን ልጆች በሕፃንነታቸው ገደለቻቸው። ከሦስቱ አንዱ የባሏ ቀጥተኛ ቅድመ አያት ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዮሃን ጌኦርግና ዮሃን ፔተር ሁለት በሕይወት ያሉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1741 ዮሃን ጌኦርግ፣ በ1744 እንደገና ዮሃን ጌኦርግ ተብሎ ከተጠመቀ ግን የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሞቷል። "ዮሃንስ" ብቻውን ሲቆም ደግሞ እውነተኛው ጆን እሱ ነው። "ሃንስ" የዮሃን ማሳጠሪያ ስለሆነ ሃንስ ጌኦርግ ያላችሁት ያው ዮሃን ጌኦርግ ነው። የቤት ስሞቹንም ልመዱ፣ ስቶፈል ክሪስቶፍ ነው፣ ኒክል ኒኮላውስ፣ ፌልተን ቫለንቲን፣ ባስቲያን ሴባስቲያን፣ ፍሬና ደግሞ ቬሮኒካ ናት።

የትኛው ጌኦርግ የናንተ እንደሆነ የሚለየው ፊርማው ነው። የመሐላ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ የማይችለው ሰው ጸሐፊው ስሙን ይጽፍለትና እሱ መሃል ላይ መስቀል ወይ አንድ ፊደል ያደርጋል፣ ግራው ላይ ስም፣ ቀኙ ላይ የቤተሰብ ስም፣ መሃሉ ላይ የሱ ምልክት። የሚችለው ራሱ በጀርመን እጅ ጽሕፈት ይፈርማል። አንዱ ደንበኛ በከፈለበት ጥናት ላይ በ1738 የመጣውና በ1762 የተናዘዘው ሙለር አንድ ሰው ናቸው ተብሎ ነበር። ዝርዝሩን ከፈትን፣ የ1738ቱ አንዲት የተንጋደደች ኤች ነው ያለችው። የኑዛዜው ፊርማ ግን አንድም ቦታ ሳይንቀጠቀጥ የወረደ ነው፣ ሁለቱን ኤል በአንድ ምት አያይዞ፣ ዩው ላይ ትንሿን ቅስት አድርጎ። ሌላ መርከብ ላይ ያንኑ ቅስትና ያንኑ ኤል አገኘን። ሙለሮቹ ሁለት ናቸው።

እዚህ ጋ ሦስት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ፍርድ ቤቱ ያለው ትልቁ የኑዛዜ መዝገብ ጸሐፊው የገለበጠው ነው፣ እዛ ላይ ያለው ፊርማ የጸሐፊው እጅ ነው፣ ዋናውን ወረቀት ከፋይሉ አስወጡ። ሁለተኛ፣ ዋናው በጀርመንኛ ተጽፎ መዝገቡ ላይ የገባው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ በወጣትነቱ በደንብ የሚፈርም ሰው ሞት አልጋ ላይ መስቀል ሊያደርግ ይችላል፣ የታመመ እጅ ነው። ተቃራኒው ነው መጠርጠር ያለበት። እና የእጅ ጽሕፈቱን ሳትለምዱ አታንብቡ፣ በዛ ጽሕፈት ኢ ኤን ይመስላል፣ ረጅሙ ኤስ ኤፍ ይመስላል።

ምልክት፦ "ሮተርዳም ነው የተወለደው፣ ደች ነው"

አይደለም። መርከቡ ከሮተርዳም ተነስቶ ብዙ ጊዜ እንግሊዝ ወደብ፣ በተለይ ካውስ፣ ቆሞ ነው የሚሻገረው፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው የመርከቡ መነሻ ነው። "ፔንሲልቫኒያ ደች" የሚባሉትም ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። "ፓላታይን" የሚለውም ሁልጊዜ ፋልስ (ራይን ዳር ያለው የጀርመን አውራጃ) ማለት አይደለም፣ እንግሊዞች ስዊሱንም፣ ቩርተምበርጉንም፣ አልዛሱንም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር።

ምልክት፦ "1749 ድረስ ነበረ፣ ከዛ ጠፋ"

እሱ እርሻው ላይ ነው፣ የተንቀሳቀሰው ካውንቲው ነው። ፔንሲልቫኒያ ላይ ላንካስተር የወጣው በ1729 ከቼስተር ነው፣ ዮርክ በ1749 ከላንካስተር ተቆረጠ፣ በርክስና ኖርዝሃምፕተን በ1752 መጡ። ሜሪላንድ ላይ ፍሬድሪክ ካውንቲ የተፈጠረው በ1748 ነው፣ ከዛ በፊት ያለውን ፕሪንስ ጆርጅስ ላይ ፈልጉ። ሁለቱንም ካውንቲ አይታችሁ ከሌለ ነው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቨርጂኒያው ሼናንዶዋ ሸለቆ የምትሄዱት።

ምልክት፦ "ኑዛዜው ከመጻፉ በፊት ጸደቀ"

ኅዳር 1740 ተጽፎ የካቲት 1740 ጸደቀ ይላል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ሕግ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ያ የካቲት እኛ 1741 የምንለው ነው። አታስተካክሉት፣ 1740/41 ብላችሁ ጻፉት።

ምልክት፦ "የጥምቀት ሪከርድ የለውም"

ሜኖናይት (አዋቂ ብቻ የሚያጠምቁ ፕሮቴስታንቶች) ከሆነ ሕፃን አያጠምቁም፣ የመሬት ወረቀትና ኑዛዜ ላይ ሂዱ። ሉተራን ወይ ሪፎርምድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ብዙ ቦታ አንድ ሕንፃ ይጋሩ ስለነበር የሁለቱንም መዝገብ እዩ፣ እየዞሩ የሚያጠምቁትንም ቄሶች አትርሱ፣ የዮሃን ካስፐር ስቶቨር የግል መዝገብ ከ1730 እስከ 1779 ድረስ ይሄዳል። ዜግነት የወሰደ ሰው ካለ በ1740ው ሕግ መሠረት ሰባት ዓመት መኖርና መቁረብ ይጠየቅ ስለነበር፣ ዝርዝሩ ላይ የቆረበበት ቀን አለ።

"ኦርፋን" (ወላጅ አልባ) የሚል ካያችሁ እናቱ ሞታለች ብላችሁ አትጻፉ፣ አባቱ ከሞተ ፍርድ ቤቱ እንደዛ ይለዋል። "ሄሲያን ወታደር (በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት እንግሊዝ የቀጠረችው ጀርመናዊ) ነበረ" የሚለውን ታሪክ ከ1776 በፊት ግብር የከፈለ ሰው ላይ አትለጥፉ። የቤተሰብ ጋሻና አርማ ብለው የሚሸጡላችሁን አትግዙ፣ የአያት ስም አርማ የለውም፣ ለአንድ ሰው ነበር የሚሰጠው።

ምልክት፦ "ጀርመን ውስጥ የት እንደሆነ አላውቅም"

በዛ ዘመን ጀርመን የሚባል አንድ አገር የለም፣ እስከ 1871። መንደሩ ካልታወቀ ምንም አይከፈትም። ለሱ ደግሞ የክርስትና አባትና እናቶቹን ያዙ፣ ልጁ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያገኘው ከነሱ ነው፣ እነሱም ዘመድ ወይ ያገር ልጅ ናቸው። የናንተ ሰው መንደር ባይጻፍም የልጁ ክርስትና አባት መንደር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። አንድ መርከብ ላይ ከሱ ፊትና ኋላ የፈረሙትንም፣ መሬታቸው የሚዋሰነውንም ጻፉ፣ ሁለት ሦስቱ ከአንድ መንደር ከሆኑ እዛ ጀምሩ። ቄሱ መዝገቡ ጥግ ላይ "ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደ" ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ፋልስ ውስጥ ከ1689ኙ የፈረንሳይ ቃጠሎ በፊት ያለው መዝገብ ብዙ ቦታ የለም፣ ከዛ በፊት እስከ 1500 ድረስ አወጣሁ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የመዝገቡን ምስል ያሳያችሁ። የካቶሊኮቹ መዝገብ ማትሪኩላ የሚባል ዌብሳይት ላይ በነጻ ይታያል፣ የፕሮቴስታንቶቹ አርኪዮን የሚባለው ላይ በክፍያ ነው፣ መንደሩን ሳታገኙ አትክፈሉ።